እድሳት ለተደረገለት ጤና ጣቢያ ሥዕል ለማሠራት ላሰባችሁ

እህታችን የጠየቀችው በአጭሩ ይህን ነው። የወረዳቸው ጤና ጣቢያ እድሳት ሊያልቅ ነው፤ እሷ በነዋሪው ተወካይነት ኮሚቴ ውስጥ አለች፤ ከመዋጮው የተረፈ ገንዘብ ስላለ «ግድግዳው ላይ ሥዕል እናሠራበት» ተብሏል። ሠዓሊ ከየት እናምጣ፣ ምን ይሣል፣ ስንት እንክፈል ነው ጥያቄው። እኔ የግድግዳ ሥዕል ሠርቼ ነው የማድረው፤ ጤና ጣቢያም መዋዕለ ሕፃናትም ካፌም ሠርቻለሁ። ከሠዓሊው ወገን ሆኜ የማውቀውን ልጻፍ።

ሠዓሊ መፈለጉን ለጊዜው ተዉትና ግድግዳውን እዩ። አዲስ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ያህል ሳይደርቅ ሥዕል አይሸከምም፤ ውስጡ የቀረው እርጥበት ሲወጣ ጨው ይዞ ይወጣና ቀለሙን ከሥሩ ይልጠዋል። ኮንትራክተር ደግሞ ለምርቃት ሲጣደፍ ልስኑ ሳይጠና ስታኮ ያለብሰዋል። በምርቃቱ ቀን ያምራል፣ ነሐሴ ላይ ይጋለጣል። አሸንዳው የሚያፈስ ከሆነ እሱ ሳይጠገን ብሩሽ አታስነሱ። የውጭ ግድግዳ ከሆነ ከመስቀል በኋላ ይጀመር። የግቢው አጥር ላይ ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ወረዳውን ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ በኮሪደር ልማት አጥር ወደ ኋላ ሲገፋ አይታችኋል፤ መንገድ ዳር ያለ አጥር ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አልመክርም።

ሌላው የሚረሳው የግድግዳው እጥበት ነው። ጤና ጣቢያ እንደ ካፌ አይደለም፤ ግድግዳው በበረኪና ይታሻል። ጽዳት ሠራተኞቹ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበርዛሉ፤ በረኪናው ባለ 5 በመቶ ከሆነ 0.5 በመቶ ክሎሪን ይወጣዋል። በተራ የውሃ ቀለም የተሠራ ሥዕል በዚህ ሲታሽ ቀስ በቀስ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሠዓሊውን የምትፈትኑት እንዲህ ነው፦ የሚጠቀምባቸውን ቀለሞች በሙሉ ከነፕራይመሩ (ከቀለም በፊት ከሚቀባው መነሻ) እና ከነቫርኒሹ በአንድ ቁራጭ ቺፑድ ላይ ቀብቶ ያምጣ። ቺፑዱን ለጽዳት ሠራተኛዋ ስጧትና ግድግዳውን ባሸች ቁጥር እሱንም በዚያው ባልዲ፣ በዚያው ጨርቅ ትሸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቀዩ ገርጥቶ ወይም ቫርኒሹ ነጭ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ያ በግድግዳው ላይ ሊሆን የነበረ ነው። ሠዓሊው በዚህ ከተቀየመ ሌላ ፈልጉ።

ቀለም ሲገዛ የእርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ነገር ይታሰብበት። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ገድቧል። ክትባት ክፍል በር ላይ ሕፃናት ግድግዳ ይልሳሉ፣ የተላጠ ቀለም አፋቸው ይከታሉ፤ ስለዚህ ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ዘይት ቀለም ከሱቅ አታንሱ፤ ጣሳው ላይ ስለ እርሳስ የተጻፈ ነገር ፈልጉ፣ ከሌለ ተዉት።

አሁን ቦታው። አንድ ማለዳ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ካርድ ክፍል ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ማንንም ሳታናግሩ የምታዩትን ብቻ ልብ በሉ። ኮሚቴዎች ሁልጊዜ የሚመርጡት መግቢያው በር ላይ ያለውን ትልቅ ግድግዳ ነው፤ ለፎቶ ይመቻልና። ታካሚው ግን እዚያ አይቆምም፤ አልፎት ይገባል። የሚቀመጠው ከትሪያጅ (ታካሚው መጀመሪያ ታይቶ ከሚመደብበት ክፍል) እስከ ሐኪሙ ክፍል ባለው ኮሪደር ነው፤ ዓይኑ የሚያርፈው ከፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ቁመት ነው። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የተሠራው ቆሞ አንጋጦ ለሚያይ እንግዳ ነው። የእናንተ ተመልካች ልጅ አዝላ ወረፋ የምትጠብቅ ሴት ናት። (ድሮ ደብተራ ለታማሚ ክታብ ሲያዘጋጅ ብራናውን በሰውየው ቁመት ልክ ነበር የሚቆርጠው። በክታቡ ማመን አለማመን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልኬቱ ግን ከታማሚው ይነሣ ነበር።)

ደግሞ ይህች ሴት አንዴ መጥታ የምትቀር አይደለችም። በእርግዝና ክትትሉ ደጋግማ ትመጣለች፤ ከወለደች በኋላ ልጁን በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት፣ ከዚያ በዘጠኝ ወርና በአሥራ አምስት ወር ታስከትባለች። የቲቢ ታካሚ ስድስት ወር መድኃኒት ይወስዳል፤ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረ ዕድሜ ልኩን ይመላለሳል። አንድ ትልቅ ፊትና አንድ መፈክር ያለበት ሥዕል በሁለተኛው ቀን ያልቃል። ዝርዝር የበዛበት ይሁን፦ የሰፈሩ ጉልት፣ ድልድዩ፣ ቆርቆሮ ላይ የተኛች ድመት፣ ሊስትሮው፣ ሻሽ ያሰረችውም ሂጃብ የለበሰችውም። እናት ለልጇ «ድመቷ የት አለች?» የምትለው ነገር ካለበት ወረፋው ያጥራል። እንደዚህ ያለ ነገር ኮሪደር ላይ ሠርቼ ሕፃናቱ ጣታቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ጠቁሮ አይቻለሁ፤ እዚያች ጋ ቫርኒሽ ደረብኩበት።

ኮሚቴው ውስጥ «ትምህርት ሰጪ ይሁን» የሚል ሰው አይጠፋም። በኔ እምነት ማስተማሩን ለፖስተሩ ተዉለት፤ መልእክቱ በየጊዜው ይቀየራል፣ ፖስተር ይነሣል፣ ግድግዳ ግን አይነሣም። አንድ ጠቃሚ ሥራ ግን ሥዕል ሊሠራ ይችላል፦ መንገድ ማሳየት። በሮቹ ላይ ኦፒዲ (ተመላላሽ)፣ ኤምሲኤች (እናቶችና ሕፃናት)፣ ኢፒአይ (ክትባት) ለማለት በላቲን ፊደል ይለጠፋል፤ ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ይቅርና እኔም ግራ እጋባለሁ። ላብራቶሪው በር ላይ ዋርካ፣ ፋርማሲው በር ላይ ወፍ ቢሣል ነርሷ «እማማ፣ ወፏ ያለችበት በር» ትላለች፤ አለቀ። የቲቢውንና የኤችአይቪውን ክፍል ግን ከሌላው የሚለይ ምልክት አታድርጉበት፤ እዚያ በር ላይ ቀይ ሪባን መሣል የገባውን ሰው ለሰፈሩ ማሳየት ነው። የሃይማኖት ሥዕል፣ የባለሥልጣን ምስልና የእውነተኛ ታካሚ ፊት ይቅር። የረጂ ድርጅት አርማም በትንሽ ሰሌዳ ይበቃዋል።

ማዋለጃ ክፍል ከታሰበ ግድግዳውን ተዉትና ኮርኒሱን አሠሩ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ተኝታ የምታየው እሱን ነው፤ ኮርኒስ ደግሞ በየቀኑ አይታሽም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ «ይሄ ገንዘብ አልጋ ይገዛ ነበር» ካለ አትቆጡት፤ ሥራው ነው። የሮጀር ኡልሪክን ጥናት ንገሩት፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 46 ሰዎች ተነጻጸሩ፤ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ፈጥነው ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ጥናቱ ስለ መስኮት እንጂ ስለ ሥዕል እንዳልሆነ ኃላፊውም ያውቃል፤ ቢሆንም ወሬውን ያስጀምርላችኋል። ግቢው ውስጥ ቦታ ካለ እንዲያውም ከገንዘቡ ቀንሳችሁ ዛፍ ትከሉ።

ወደ ክፍያው ልምጣ፤ ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ፋይናንስ «ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አምጡ» ይላል፤ ዝቅተኛው ያሸንፋል፤ ዝቅተኛው ደግሞ ቀለሙን በውሃ የሚያቀጥነው ነው። ፕሮፎርማውን ማስቀረት ካልቻላችሁ ስፔሲፊኬሽኑን ራሳችሁ ጻፉ፦ የግድግዳው ስፋት በካሬ፣ የቀለሙ ዓይነት፣ ስንት እጅ እንደሚቀባ፣ ፕራይመርና ቫርኒሽ፣ መወጣጫው የማን እንደሆነ። ያኔ ሦስቱም የሚወዳደሩት በአንድ ዓይነት ሥራ ነው። ንድፉን ግን ከሥራው ለዩት። ሁለት ሦስት ሠዓሊ ጋብዙ፣ ንድፍ ያቅርቡ፣ ያልተመረጠውም ለንድፉ ትንሽ ይከፈለው። ነፃ ንድፍ ስትጠይቁ ጥሩዎቹ አይመጡም፤ እኔም አልመጣም። ሠዓሊ ለመፈለግ የአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ዐውደ ርእይ ሲከፈት ሂዱ፤ ሥራውን አይታችሁ ሰውየውን አነጋግሩ። ነገር ግን ሸራ ላይ ጎበዝ የሆነ ሁሉ ግድግዳ ላይ ጎበዝ አይሆንም፤ ሁለት ክረምት ያለፈበት የግድግዳ ሥራ ያሳያችሁ።

በመንግሥት ግዥ ቅድመ ክፍያ ከ30 በመቶ አይበልጥም፤ እሱም ዋስትና ይጠየቅበታል፤ ወጣት ሠዓሊ ደግሞ በዚያ ቀለም ገዝቶ መጨረስ ይከብደዋል። መፍትሔው፣ ቀለሙን ኮሚቴው ገዝቶ ለሠዓሊው የእጅ ዋጋ ብቻ መክፈል ነው፤ በዚያው የቀለሙንም ጥራት ትቆጣጠራላችሁ። ሠዓሊው ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ) ያለው መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሌለው የሚቆረጥበት ግብር ብዙ ነው፣ በመጨረሻ ጠቡ እናንተ ላይ ይመጣል።

ውሉ ሁለት ገጽ ይበቃዋል፤ ሁለት ነገር ግን አይቅርበት። አንደኛው፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ብትከፍሉም የሞራል መብቱ የሠዓሊው ነው፤ ስሙ ይጻፍለታል፣ ሥዕሉን ሲያዛቡበትም መቃወም ይችላል። ግድግዳው የሚፈርስ ወይም ዳግም የሚቀባ ከሆነ አስቀድሞ እንደሚነገረው፣ ምስሉን ካላንደር ላይ ማን ማተም እንደሚችል ጻፉ። ሁለተኛው ጥገና ነው፤ ከአንድ ክረምት በኋላ ተመልሶ እንዲያይና እንዲነካካ ጥቂት ገንዘብ ያዙ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ ጋር ቢታሰር እኔ አልቃወምም።

ደግሞ ጤና ጣቢያ ያለ ፖስተር አይኖርም። ንድፉ ላይ ለማስታወቂያ ቦታ ካልተተወ፣ የሣልኩት ሰው ግንባር ላይ «ዛሬ ላብራቶሪ የለም» በፕላስተር ተለጥፎ አግኝቻለሁ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ለቴሌቪዥን ማንጠልጠያ ብለው የሣልኩትን ሰው ደረት በስተውታል። ሰሌዳውና ቴሌቪዥኑ የት እንደሚሆኑ ሠዓሊው ሳይጀምር ይወሰን።

የግድግዳውን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ አንዱን ከአግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ፣ አንዱን ዝናብ በዘነበ ማግሥት ከሥሩ። ስፋቱን በካሬ ከጻፋችሁልኝ የቀለሙን መጠን አሰላላችኋለሁ።