ጣዝማ ማር ለስኳር ቁስል ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከዳንግላ ነው። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ የግራ እግራቸው አውራ ጣት ስር የወጣች ቁስል ይኸው አምስት ወር አልድን አለች። ፋሻ ሲቀየርላቸው ነበር ተሰላችተው ተዉት። አሁን ጎረቤታችን ያሉ ትልቅ ሴት «ጣዝማ አድርጉበት፣ በሳምንት ይደርቃል» ብለው በብልቃጥ ሰጡን። ላድርግላቸው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ እህቴ፣ ሴትዮዋ ዝም ብለው አላወሩም። የጥንት ግብፆችም ቁስል ላይ ማር ያደርጉ ነበር፣ ዛሬም ማር የተነከረ ፋሻ በፋብሪካ ይሠራል። የማር ውሃው ከመቶ 20 ገደማ ብቻ ስለሆነ የባክቴሪያውን ውሃ ይመጥበታል፣ ከቁስሉ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ንቧ የተወችበት ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል፣ ያ ቁስል ሲያጥቡበት አረፋ የሚያወጣው ማለቴ ነው።

ጣዝማው ላይ ግን ልከራከራቸው ነው። ብልቃጡን ስታዘነብዪው ኩልል ይላል አይደል? ከንብ ማር ይልቅ ውሃ ይበዛዋል፣ ደሞ ከመሬት ተቆፍሮ ነው የሚወጣው። የገበያው የንብ ማርም (ስኳር የተቀላቀለበትን ትቼ ንጹሁን ማለቴ ነው) የቦቱሊዝም (ጡንቻን የሚያሽመደምድ መመረዝ ነው) ተህዋስ ዘር ሊኖረው ይችላል፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቅመስ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ላፍላው ብትዪ ኢንዛይሙ ይሞታል ዘሩ ይተርፋል፣ የሕክምናው ማር የሚጸዳው በጋማ ጨረር ነው። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት በፈረንጆቹ 2015 ባወጣው ግምገማ 26 ጥናት፣ 3011 ሰው አይቶ ጥልቀት የሌለው ቃጠሎ ላይ ማር ከተለመደው ፋሻ ከ4 እስከ 5 ቀን ቀድሞ ያድናል ብሏል፣ የስኳር እግር ቁስል ላይ ግን አፍ ሞልቶ የሚያስወራ ነገር አላገኘም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አውራ ጣት ስር ማለት እኮ ሲራመዱ ክብደታቸው የሚያርፍበት ቦታ ነው፣ ስኳር ነርቩን ካደነዘዘው አያማቸውም፣ ማሳ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ቁስሏም በየቀኑ እንደ አዲስ ትከፈታለች። ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፣ ስኳራቸው ይለካ፣ ደሙ እግር ድረስ መድረሱ ይታይ፣ ዳሩ ላይ የደነደነውን ቆዳ ባለሙያ ይቁረጥላቸው፣ እስከዚያ በዚያ እግር ብዙ አይርገጡ። ጥቁረት፣ ሽታ፣ ትኩሳት ወይ ወደ ላይ የሚወጣ ቅላት ካየሽ ግን ነገ አትበዪ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ጣዝማውን አትድፊው፣ ለቤቱ ሰው ሳል ይሆናል። አባትሽ ግን እንዳይልሱት፣ ለሳቸው እሱም ስኳር ነው።