በተራ ካርታ የሚሠራ ማጂክ፦ ጥያቄና መልስ ለድሬና ለሐረር ልጆች

ከታች ያለው ሁሉ ኮንከር በምንጫወትበት በዚያው 52 ካርታ ይሠራል። ምልክት የተደረገበት ወይም ጠርዙ የተቆረጠ ካርታ አያስፈልግም።

ከከዚራ፦ አቦ፣ እጄ ገና አልተፍታታም። በምን ልጀምር?

በቁልፍ ካርታ ጀምር። በውዘህ ስታስተካክል ካርታውን ትንሽ ወደ ራስህ ዘንበል አድርገህ የታችኛውን እይ፤ 7 ልብ ነው እንበል። ሰውዬው አንድ ካርታ ይምረጥ፣ አይቶ ከላይ ያስቀምጠው። ከዚያ ራሱ ይቁረጥና የታችኛውን ግማሽ በላዩ ይጫነው። አሁን 7 ልብ የመረጠው ካርታ ላይ በቀጥታ ተቀምጧል። ከላይ ጀምረህ አንድ በአንድ እየገለጥክ ስታወርድ፣ ከ7 ልብ ቀጥሎ የሚመጣው የሱ ነው።

እዚያ ላይ ግን አትቁም። አራት አምስት ካርታ አልፈህ አውርድና አንዱን ሳትገልጥ በእጅህ ይዘህ፣ «አሁን የምገለብጠው ካርታ ያንተ ነው» በል። የሱ አልፎ ጠረጴዛ ላይ ስላየው ተሳሳተ ብሎ ይደሰታል። በእጅህ ያለውን ትተህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የሱን ካርታ ገልብጠው። ቃልህ አልታጠፈም።

ደጋግሞ ቢቆርጥብኝስ?

ይቁረጥ። መቁረጥ ካርታውን ያዞረዋል እንጂ ጎን ለጎን ያሉትን አይለያይም። አልፎ አልፎ በሁለቱ መሃል ከተቆረጠ 7 ልብ መጨረሻ ላይ ይወርዳል፤ ያኔ የሱ ካርታ መጀመሪያ ያወረድከው ነው። መበወዝ ግን ሁሉን ያበላሻል። ስለዚህ «ቁረጥ» በል፣ «በውዝ» የሚል ቃል ከአፍህ አይውጣ።

ከሐረር፦ የ21 ካርታው (በሦስት መደዳ ተደርድሮ፣ ሰውዬው በሆዱ የያዘው ካርታ ያለበትን መደዳ ሦስት ጊዜ የሚጠቁምበት) አንዴ ይሳካል፣ አንዴ አይሳካም።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አደራደር ላይ ነው። አንድ ግራ፣ አንድ መሃል፣ አንድ ቀኝ እያልክ 7 ጊዜ በአግድም ደርድር። አንዱን መደዳ 7 ሞልተህ ወደሚቀጥለው ከሄድክ አይሠራም። የጠቆመህን መደዳ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ሁለቱ መሃል አድርገህ ሰብስብ። ከመጀመሪያው ስብሰባ በኋላ ካርታው ከ8ኛ እስከ 14ኛ ባለው ቦታ፣ ከሁለተኛው በኋላ ከ10ኛ እስከ 12ኛ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛ ጊዜ ስትደረድር የግድ የመደዳው 4ኛ ይሆናል። ሰውዬው መደዳውን እንደጠቆመ ካርታውን አወቅከው ማለት ነው፤ ሰብስበህ እስከ 11 መቁጠር አያስፈልግህም። ቆጠራውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ አጨራረሱን ቀይርለት።

ከሳቢያን፦ ሁለተኛው የላይኛው እንዲመስል ሁለት ካርታ እንደ አንድ ሳነሳ ይለያዩብኛል። በዚህ ሙቀት እጄም ያልበኛል።

ከባዱ ይሄ ነው። በግራ አውራ ጣትህ የላይኞቹን ሁለት ካርታ በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ ግፋ፤ ስትመልሳቸው የትንሿ ጣትህ ሥጋ ከሥራቸው ይግባ። ክፍተቱ ከኋላ ብቻ ይሁን፣ የፊተኛው ጠርዝ ግጥም ብሎ ይቀመጥ። በቀኝ እጅህ ስታነሳ በርዝመታቸው ትንሽ እጠፍ አድርጋቸው፤ የሚለያዩት ልስልስ ብለው ሲያዙ ነው። ላብ ደግሞ ሦስተኛ ካርታ አጣብቆ ያመጣል። በሳሙና ታጠብና አድርቀህ ጀምር፤ ፓውደር አትንካ፣ ካርታው ላይ ይጓጉላል።

ዋናው ግን ጊዜው ነው። ጣትህን የምታስገባው ሰውዬው ሲያወራ ወይም ሲስቅ እንጂ «እዩ» ባልክበት ሰዓት አይደለም። አንዱንም ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ፍጥነት ገልብጥ። የካርታ ማጂክ ሠሪው ዳይ ቬርነን እ.ኤ.አ. በ1922 ቺካጎ ላይ ዝነኛውን ማጂክ ሠሪ ሃሪ ሁዲኒን ያስደነቀው፣ የተመረጠው ካርታ ከሌላ ሥር ገብቶ ደጋግሞ ወደ ላይ በሚወጣበት ማጂክ ነው። ይህን አነሳስ የያዘ ሰው ያንን መሥራት ይችላል።

እኔ የፈለግኩትን ካርታ እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል። የምትፈልገውን ከላይ አድርግ። ይቁረጥና ቆርጦ ያነሳውን ጠረጴዛ ላይ ያኑር፤ አንተ የቀረውን በመስቀል ቅርጽ ጫንበት። አሁን ሌላ ወሬ አምጣ፣ ስሙን ጠይቀው፣ ዓይኑን ከካርታው አንሳው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከዚያ የላይኛውን ግማሽ አንስተህ «የቆረጥክበትን ውሰድ» በል። የሚወስደው ያው መጀመሪያ ከላይ የነበረውን ነው። ወሬውን ከዘለልከው ግን የትኛው ከላይ እንደነበር ወዲያው ይገባዋል።

ከመጋላ፦ በርጫ ላይ ሰው ዙሪያዬን ነው የሚቀመጠው።

ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ፣ ከተቻለ ጥግ ያዝ። የትንሿ ጣት ክፍተት ከኋላና ከቀኝ ጎን ይታያል። ጥግ ካላገኘህ ቁልፍ ካርታውንና የመስቀሉን ብቻ ሥራ፤ ሁለቱም ከየትም ቢታዩ ችግር የለባቸውም።

ቁማር ላይስ?

አይሆንም። ገንዘብ ከተያዘበት ስርቆት ነው።

ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት ያቅተኛል።

መስታወትና ፎርማይካ ላይ ጥፍር አይገባም። የታጠፈ ጋቢ ወይም ወፍራም ፎጣ አንጥፍ፤ ካርታውን ጫፉ ላይ ስትጫነው ሌላው ጫፍ ይነሳልሃል። ቬንትሌተሩንም ከመጀመርህ በፊት አጥፋው ወይም ወደ ሌላ አዙረው፣ በ21ዱ መሃል አንድ ካርታ ከገለበጠብህ እንደገና መደርደር ነው።