የአክሱም ሐውልት ፎቶ የትኛው ምድብ ውስጥ ይግባ?

እህቴ፣ የአክሱም ፎቶዎችሽን ዊኪሚዲያ ኮመንስ (ማንም ሰው በነፃ የሚጠቀምባቸው ፎቶዎች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) ላይ ልትጭኚ ስትይ የከተማዋ ምድብ፣ የሐውልቶቹ ምድብና የአንዱ ሐውልት ምድብ ተደራርበው አገኘሻቸው። «ሁሉንም ልጨምር ወይስ አንዱን?» ነው ያልሽው። ሁሉንም አትጨምሪ። እዚያ ምድብ ሳስተካክል ዓመታት ሆኖኛል፣ አብዛኛው ዝብርቅርቅ የሚመጣው «ለማንኛውም ሁሉም ይግባ» ከሚለው ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ፎቶው በትክክል የሚገልጸው ጠባብ ምድብ ውስጥ ይገባል። ጠባቡ በሰፊው ስር ስላለ ሰፊው ላይ አይደገምም። ከተደገመ የከተማዋ ምድብ በሐውልት ፎቶ ይጥለቀለቅና ገበያውን ወይም ጽዮን ማርያምን የሚፈልግ ሰው ግራ ይገባዋል።

አንቺ ጋ ግን ከደንቡ በፊት የሚመለስ ነገር አለ፤ ያነሣሽው የትኛውን ድንጋይ ነው? ትልልቆቹ ሦስት ናቸው። 33 ሜትር ገደማ የሚሆነው ወድቆ ተሰባብሯል። 24 ሜትር ገደማ የሆነው በ1937 ሮም ተወስዶ በ2005 ተመለሰና በ2008 ዳግም ቆመ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሦስተኛው የንጉሥ ኢዛና የሚባለው ነው፣ 21 ሜትር ገደማ፣ ከሦስቱ ወድቆ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሰው የኢዛናን ሐውልት ያነሣና ከሮም የመጣው ሐውልት ምድብ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያ ሌላው ፎቶውን ወስዶ «ከጣሊያን የተመለሰው ሐውልት» ብሎ ያወጣዋል፣ ስህተቱም እንደዚያ እየዞረ ይቀራል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ያ ድንጋይ እንዲመለስ ስንት ሰው ስንት ዓመት ጮኋል!

ለመለየት ጀርባውን እዪ። ከሮም የመጣው በአራቱም ጎን ተቀርጿል፣ የኢዛናው ጀርባ ልሙጥ ነው። ከፊት ብቻ ተነሥቶ መለየት ካቃተሽ አትገምቺ፤ የሐውልቶቹ የጋራ ምድብ ውስጥ ተዪው፣ የሚያውቅ ሰው ወደ ጠባቡ ምድብ ያወርደዋል። ሁለቱም ጎልተው በአንድ ፎቶ ከታዩ ደግሞ የሁለቱንም ስጪው፣ እሱ መደጋገም አይባልም።

ሮም ሳለ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ ፊት ለፊት የተነሣ የቆየ ፎቶ ካለሽ ሐውልቱ ያው ነው፣ ቦታው ግን ሌላ ነው። ለእነዚያ በሐውልቱ ስር ንዑስ ምድብ ክፈቺና ከሮም ምድብ ጋርም አገናኚው። አለበለዚያ የሮም ጎዳና አክሱም ከተማ ስር ይገኛል።

ሁለት ምድቦች በእርግጥ አንድ ነገር ከሆኑ፣ በላቲን ፊደል አጻጻፍ ብቻ ከተለያዩ፣ አንዱ ወደ ሌላው እንዲመራ ይደረጋል እንጂ አይጠፋም፤ በዚያኛው አጻጻፍ የሚፈልግ ሰው አለ። ተመሳስለው የተለያዩ ከሆኑ ግን በየገጻቸው አናት ላይ «ይህ ስለዚህኛው ነው፣ ያኛውን እዚያ ፈልጉ» የሚል አንድ መስመር ጻፊ። ረጅም መመሪያ ማንም አያነብም፣ ያቺን መስመር ግን ያነባል።

የራስሽን ፎቶዎች ሆትካት በሚባለው የኮመንስ ምድብ መቀየሪያ መሣሪያ አንድ በአንድ ማስተካከል ትችያለሽ። የሌላ ሰው ብዙ ፎቶ ካት ኤ ሎት በሚባለው ሌላ መሣሪያ በአንዴ ከማዘዋወርሽ በፊት ግን የምድቡ የውይይት ገጽ ላይ ሐሳብሽን ጻፊና ትንሽ ጠብቂ። የምድብ ስሞቹ በእንግሊዝኛ ቢሆኑም መግለጫውን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ የትኛው ሐውልት እንደሆነ እዚያው አስገቢ። ያልለየሻቸው ካሉ እዚህ ለጥፊያቸው፣ አብረን እናያቸዋለን።