ልጄ አይጥ ግዙልኝ ትላለች

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ አይጥ ማሳደግ አማራት። እኔ የማውቃት አይጥ ጎተራ የምትፈጅ ጠላት ናት። እሺ ልበላት?
እናት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ እሺ ይበሏት፣ እህቴ! እኔም ሁለት እህትማማች አይጦች አሳድጌያለሁ። ማታ ከሥራ ስገባ የሽቦ ቤታቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ ግራጫዋ እጅጌዬ ውስጥ ገብታ ትተኛለች። ስዳብሳት ጥርሷን በቀስታ ታፋጫለች፤ ደስ ሲላት ነው። አይጦች ሲኮረኮሩ 50 ኪሎኸርዝ አካባቢ በሆነ፣ ጆሯችን በማይሰማው ድምፅ ይስቃሉ። የሚሸጡት ለብዙ ትውልድ ሰው የለመዱ ናቸው። ብቻ አንዷን ነጥለው አይግዙ፤ ብቸኝነት ይጎዳታል፣ ሁለት እንስቶች ይሁኑ። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 3 ዓመት መሆኑንም ለልጅዎ አስቀድመው ይንገሯት። እኔ ግራጫዋን ስቀብር አልቅሻለሁ።