ሶሱ ከፍሪዘር ሲወጣ ውሃ ለምን ይለቃል?

ጥያቄ፦ አነስተኛ የምግብ ማምረቻ አለን። ክሬም የገባበት የቲማቲም ሶስ አብስለን፣ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዘን እንሸጣለን። ማወፈሪያችን ሞዲፋይድ ስታርች (በኬሚካል የተለወጠ ስታርች) ነበር። አሁን ገዢያችን «ይህ ቃል ከማሸጊያው ላይ ይውጣልኝ» አለ። በዚያው ሚዛን ተራ የበቆሎ ስታርች ተካንበት። ሶሱ ከፍሪዘር ወጥቶ ሲቀልጥ እንደ ስፖንጅ ይሆንና ውሃ ይለቃል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ገና ከድስቱ ሳይወጣ ይቀጥናል። ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ነው ድስት ውስጥ የምንከተው። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ግማሹ መልስ ያለው «ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ» ብለው መጨረሻ ላይ ጣል ባደረጓት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። እሷ ጋ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን የጠፋብዎትን ነገር እንወቅ።

ለእንዲህ ያለ ሶስ የሚሸጠው ሞዲፋይድ ስታርች፣ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ኢ1442 ነው፣ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ የስታርቹ ቅንጣት በኬሚካል ስለታሰረ አሲድ፣ ሙቀትና መቀላቀያ በቀላሉ አይበትኑትም። ሁለተኛ፣ በስታርቹ ሰንሰለቶች ላይ የተለጠፉ ትናንሽ ነገሮች አሉ፤ ሰንሰለቶቹ ሲቀዘቅዙ እንዳይጠጋጉ ያደርጓቸዋል። ከማሸጊያው ላይ አንድ ቃል ሲያወጡ ከድስቱ ሁለት ሠራተኛ ነው ያባረሩት። ስለዚህ ውሃ መልቀቁና መቅጠኑ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ከውሃው እንጀምር። ከተራ የበቆሎ ስታርች ሩቡ ያህል አሚሎዝ የሚባለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ነው። ሶሱ ሲቀዘቅዝ እነዚህ ሰንሰለቶች ተሰልፈው ይጣበቃሉ፣ መሀላቸው የነበረውንም ውሃ ጨምቀው ያስወጡታል። ዋክሲ የሚባሉት እህሎች ግን አሚሎዝ የላቸውም ማለት ይቻላል። ከእነሱ መካከል ማቀዝቀዝና ማቅለጥን በመቻል የዋክሲ ሩዝ ዱቄትን የሚስተካከል እኔ አላየሁም። ተጣባቂ ሩዝ የሚባለው እሱ ነው። በእንግሊዝኛ «ግሉቲነስ» የሚባለው ስለሚጣበቅ እንጂ የስንዴው ፕሮቲን ግሉተን ኖሮት አይደለም፤ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩ ቤቱ ይቁጠረው።

በእኩል ሚዛን ግን አይተኩት። ስታርች ንጹህ ስታርች ነው። የሩዝ ዱቄት ውስጥ ስታርቹ 80 በመቶ አካባቢ ሲሆን የቀረው ፕሮቲን፣ እርጥበትና ጥቂት ስብ ነው። 3 ኪሎ ስታርች ትገባ ከነበረ፣ ከ3.7 እስከ 4 ኪሎ ዱቄት ብለው ይጀምሩና በሙከራ ያስተካክሉ። ፕሮቲኑ ሶሱን ትንሽ ያደበዝዘዋል። ክሬም ባለበት ሶስ ላይ ይህ ችግር አይደለም፤ ማብረቅ ለሚገባው ሶስ ግን አልመክረውም።

አሁን ወደ መቅጠኑ። ስታርች ሲሞቅ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የበቆሎው ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ባለው መሀል ነው የሚያብጠው። ያበጠ ቅንጣት እንደ ተነፋ ፊኛ ነው፣ ቶሎ ይፈነዳል። የቲማቲም አሲድ እዚያው ትኩስ ድስት ውስጥ ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል፣ መቀላቀያው ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። ቲማቲሙ አንድ ቀን ኮምጠጥ ይላል፣ አንድ ቀን ድስቱ ለአሥር ደቂቃ ይረሳል፤ አንዳንድ ቀን ብቻ የሚቀጥነው ለዚህ ነው። ዋክሲ ደግሞ ከተራው ይልቅ ለመፈንዳት ቅርብ ነው። አሠራሩን ሳይቀይሩ ዱቄቱን ብቻ ከቀየሩ ውሃው ይቆምና ሶሱ እንደ ሙጫ የሚጎተት ይሆናል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይቀይሩ። በኃይል መምታት የሚያስፈልገውን ሁሉ፣ ማለትም ቲማቲሙን ማላሙን፣ ዘይቱንና ክሬሙን ማዋሃዱን፣ ዱቄቱ ሳይገባ ይጨርሱ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ወይም ወተት በጥብጡት፤ በደረቁ ትኩስ ነገር ላይ ከነሰነሱት ይጓጉላል። ብጥብጡን ቲማቲም በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ጨምረው፣ ቀስ እያሉ እያማሰሉ ወደ 90 ዲግሪ ያድርሱት፣ አምስት ደቂቃ ያህልም ያቆዩት። ለብቻው የፈላውን ትኩስ ቲማቲም የሚያስገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ካለ ከሁሉም መጨረሻ ይገባል። ሲያልቅ ድስቱን እሳት ላይ አያቆዩት፣ ቶሎ ያቀዝቅዙት። ይህ ለውፍረቱ ብቻ አይደለም። በእህል ዱቄት ውስጥ መፍላትን ተቋቁመው የሚተርፉ የባክቴሪያ ዘሮች ይኖራሉ፤ ለብ ባለ ሶስ ውስጥ ሰዓታት ካገኙ ይራባሉ።

ሌላም ወጥመድ አለ፣ እኔም ገብቼበታለሁ። ጥሬ ዱቄት ስታርችን የሚበላ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ሊኖረው ይችላል፤ በተለይ እህሉ ማሳ ላይ ዝናብ አግኝቶት በቅሎ ከሆነ። አንድ ጊዜ በስንዴ ዱቄት ያወፈርኩት ሶስ ማታ ግሩም ነበር። ጠዋት እንደ ሾርባ ፈሰሰ። አሲዱን ወቀስኩ፣ ድስቱን ወቀስኩ፣ ሠራተኛውን ሳይቀር ተቆጣሁ። ጥፋቱ በደንብ ያልሞቀው ዱቄት ነበር።

አሠራሩን አስተካክለውም ካልያዘልዎ፣ በሙቀት የታከመ ዱቄት ይጠይቁ። ወፍጮ ቤቶች ዱቄቱን መጀመሪያ እርጥበት እስኪያጣ ድረስ ያደርቁታል፣ ከዚያ ከ140 ዲግሪ በላይ ያቆዩታል። ኬሚካል ሳይጨመር ቅንጣቱ ይጠነክራል፣ ኢንዛይሙም ይሞታል። በራስዎ ምድጃ ለመሞከር አይቸኩሉ። እርጥበቱ ሳይወጣ ካጋሉት ስታርቹ ይቆራረጣል፣ የፈለጉት ተገላብጦ ይመጣል። ትኩስና ደረቅ የዱቄት ብናኝ ደግሞ እሳት ካገኘ ይፈነዳል፤ ይህን ቀልድ አያድርጉት።

ማሸጊያው ላይ ዱቄቱ «የሩዝ ዱቄት» ተብሎ ነው የሚጻፈው። «ክሊን ሌብል»፣ ማለትም ገዢዎ የጠየቀው ዓይነት የኬሚካል ስም የሌለበት ማሸጊያ፣ የገበያ ቃል እንጂ ሕግ የሚተረጉመው አይደለም፣ ስለዚህ ገዢዎ ምን ማለቱ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሙቀትና በእርጥበት ብቻ የታከመ ስታርች እንደ ተጨማሪ ንጥረ ነገር አይቆጠርም። ለሌላ አገር የሚልኩ ከሆነ ግን የዚያን አገር ደንብ ይዩ። የስንዴ ዱቄት ከመረጡ ደግሞ አለርጂን መጻፉ አይቀርም። የአጃ ዱቄት ለአፍ ልስልስ ያለ ነገር ይሰጣል፤ በደንብ ካልታከመ ግን ስቡ ይመርና ሶሱን ያበላሻል፣ ለጊዜው ይተዉት።

ሙሉ ድስት ከማቃጠልዎ በፊት ትንሽ ሙከራ ይሥሩ። የድሮውን፣ የበቆሎውንና የሩዙን ሶስ ጎን ለጎን አብስለው በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያቀዝቅዙ፣ ያቅልጡ፣ መልሰው ያቀዝቅዙ፤ አምስት ዙር። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ 100 ግራም ወንፊት ላይ ለግማሽ ሰዓት ያስቀምጡና ከስር የተንጠባጠበውን ውሃ ይመዝኑ። የሩዙ ከድሮው ጋር ከተቀራረበ ጨርሰዋል። ካልተቀራረበ፣ ዱቄት ከመጨመርዎ በፊት አቅራቢዎ የላከልዎ በእርግጥ ዋክሲ መሆኑን ይጠይቁ። ተራ ሩዝ ደርሷቸው ወር ሙሉ ሲለፉ የከረሙ ሰዎች አውቃለሁ።