ናይትረስ ለመግጠም ላሰቡ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው ወደ አንድ ጉዳይ አዘንብለዋል፤ እሱም በየቀኑ ሥራ በሚያመላልስ ስፖርት መኪና ላይ ለሞተሩ ተጨማሪ ጉልበት የሚሰጠውን ጋዝ ናይትረስ ኦክሳይድን፣ ወጣቶቹ በአጭሩ «ኖስ» የሚሉትን፣ ስለ መግጠም ነው። ተቀራራቢ የሆኑትን በአንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ከካዛንቺስ፦ «ማርሹ በእጅ የሆነ ቶዮታ 86 አለኝ፤ በየቀኑ ሜክሲኮ ወደሚገኘው ቢሮዬ እመላለስበታለሁ። 200 የፈረስ ጉልበት አለው ይባላል፤ ነገር ግን የእንጦጦን ዳገት ሲጀምር ያ ሁሉ ጉልበት የት እንደሚገባ አላውቅም። የአጎቴ ልጅ የናይትረስ ዕቃ ከዱባይ ሊያመጣልኝ ነው። ሞተሩ ይችለው ይሆን?»

ጉልበቱን የወሰደው የከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አየር በሳበ ቁጥር የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በፋብሪካው 200 የተባለው መኪናዎ እዚህ ከ160 ብዙም አይዘልም። ናይትረስ ኦክሳይድ ራሱ የሚነድ ጋዝ አይደለም። በማቃጠያው ክፍል ሙቀት ሲፈርስ ኦክስጅኑን ይለቃል፤ ከክብደቱ 36 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ሲሆን በአየር ውስጥ ያለው ግን 23 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በተጨማሪም ፈሳሹ ከዜሮ በታች 88 ዲግሪ ላይ የሚፈላ በመሆኑ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር እጅግ ያቀዘቅዘዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አየር ኃይል ጂኤም-1 በተባለ ሥርዓት ይህንኑ ጋዝ በተዋጊ አውሮፕላኖች ላይ የተጠቀመበት፣ በከፍታ ላይ ሞተሩ ያጣውን ጉልበት ለመመለስ ነበር። ስለዚህ ለእኛ ከተማ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም በባሕር ጠረፍ ካለ ከተማ ይልቅ እዚህ ይበልጥ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የጋዙ መጠን በአየሩ መሳሳት አይቀንስም።

ይሁን እንጂ መጠኑ ላይ እንጠንቀቅ። የእርስዎ ሞተር የአየሩንና የነዳጁን ቅልቅል 12.5 ለ 1 የሚያምቅ፣ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው፣ ማለትም ሲታመቅ ቀድሞ የማይፈነዳ ቤንዚን እንዲሰጠው ፋብሪካው የሚያዝዝለት ሞተር ነው። በተራ ቤንዚን እየነዱት ከሆነ ኮምፒዩተሩ የእሳቱን ሰዓት፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ ወደ ኋላ እየጎተተ ሞተሩን ከማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ሰዓቱ በኃይል ከመፈንዳት) እያዳነ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከ35 የፈረስ ጉልበት ጭማሪ እንዳያልፉ እመክራለሁ። እሱም ቢሆን ዝቅተኛ ዙር ላይ መከፈት የለበትም፦ 35 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ወደ 83 ኒውተን ሜትር የሚደርስ የመጠምዘዝ ኃይል ሲጨምር፣ በ6,000 ዙር ላይ የሚጨምረው የዚያን ግማሽ ብቻ ነው። ፒስተንና ዘንጉን የሚጎዳው ይኸው የመጠምዘዝ ኃይል እንጂ በወረቀት ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት አይደለም። እኔ ብሆን ከ4,000 ዙር በታች እንዳይከፈት አደርግ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የእርስዎ መኪና በሁለተኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ ባለው መንገድ ላይ፣ ሚኒባሱና እግረኛው እንደ ልቡ በሚገባበት፣ ይህን ጋዝ የሚከፍቱበት አንድም ቦታ የለም። በዕለት ተዕለት ጉዞዎ የጋዙ ሲሊንደር ቫልቭ ተዘግቶ ይውላል። ይህን ካልወደዱት ዕቃው ሳይገዛ ይቅር።

ከሰንጋተራ፦ «የማሠራበት ጋራዥ መካኒክ፣ መሪው አጠገብ አንድ ቁልፍ ተደርጎ ሲፈለግ መጫን ብቻ በቂ ነው ይላል። እውነት ነው?»

አይደለም፤ አብዛኛው ጉዳት የሚመጣውም ከዚህ አሠራር ነው። ጋዙ በሴኮንድ የሚፈስበት መጠን ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም አይለወጥም። በ1,500 ዙር ላይ ቁልፉን ቢጫኑ ሞተሩ አየር በሳበ ቁጥር የሚገባው መጠን በ3,000 ዙር ከሚገባው እጥፍ ይሆናል፤ ጋዙና ከእሱ ጋር የሚገባው ነዳጅ በአየር ማስገቢያው ቱቦ ውስጥ ይጠራቀሙና እሳቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ላስቲኩን ወይም የአየር ማከፋፈያውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በእጅ የሚነካው ቁልፍ ሥርዓቱን ዝግጁ ማድረጊያ ብቻ ይሁን፤ መክፈቱን ለሌሎች መቆጣጠሪያዎች ይተዉት። አንዱ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ብቻ ጋዙን የሚከፍት ማብሪያ ነው። ሁለተኛው ከተወሰነ ዙር በታችና በላይ ጋዙን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ነው። የላይኛው ወሰን ኮምፒዩተሩ ነዳጅ ከሚቆርጥበት ዙር ቢያንስ በ300 ዙር ማነስ አለበት፤ ነዳጁ ተቆርጦ ጋዙ መፍሰሱን ከቀጠለ ቅልቅሉ በቅጽበት ነዳጅ ያንሰዋልና። ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው፣ የነዳጅ ግፊት ሲወርድ ጋዙን ወዲያው የሚያቋርጥ ማብሪያ ነው። የከተማችን ነዳጅ ማጣሪያዎች ምን ያህል ቶሎ እንደሚደፈኑ የማያውቅ ባለመኪና የለም፤ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ በተለመደው ጉዞ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ጋዝ ሲከፈት ግን ፒስተን ይቀልጣል።

የእሳቱን ሰዓት በተመለከተ በየ50 የፈረስ ጉልበቱ ሁለት ዲግሪ ያህል ማዘግየት የተለመደ መነሻ ነው፤ ካንዴላውም በአንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ወደሆነው ይለወጥ። ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ካንዴላዎቹን ያውጡና ነጩን ሸክላ በጥሩ ብርሃን፣ ቢቻል በማጉያ መነጽር ይመልከቱት። ሸክላው ላይ እንደ ደቀቀ ቁንዶ በርበሬ የተበተኑ ጥቋቁር ነጥቦች ወይም የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን የብረት ጠብታዎች ካዩ፣ ሞተሩ አንኳኩቷል፤ የሚያብረቀርቀው ከፒስተኑ የወጣ አሉሚኒየም ነው። ድምፁን አልሰማሁም ማለት አያዋጣም፤ በዚያ ዙር ላይ ከማርሚታው ጩኸት በላይ የሚሰማ ነገር የለም።

ከፒያሳ፦ «የ2000 ሥሪት ሴሊካ አለኝ፤ 1.8 ሊትር ነው። ትንሽ ዘይት ይጠጣል። በትንሹ 25 የፈረስ ጉልበት ብጨምርስ?»

አይጨምሩ። የዚያ ዘመን የ1.8 ሊትር ሞተር በፒስተን ቀለበቱ ምክንያት ዘይት በመጠጣት የታወቀ ነው። ወደ ማቃጠያው ክፍል የገባ ዘይት የቤንዚኑን ኦክቴን ያወርዳል፤ ማንኳኳትንም ይጋብዛል። መጀመሪያ ኮምፕረሽኑን (የሞተሩን የማመቅ አቅም) ያስለኩ፤ ገንዘቡንም ለሞተሩ እድሳት ያውሉት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለውን መኪና መተካት ቀላል አይደለም።

ከተክለ ሃይማኖት፦ «የብየዳ ቤት ኦክስጅን በየቦታው ይገኛል። ዋናው ነገር ኦክስጅን ከሆነ በእሱ ለምን አንጠቀምም?»

ንጹሕ ኦክስጅን በከፍተኛ ግፊት ከዘይት ወይም ከግሪስ ጋር ሲገናኝ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል፤ የብየዳ ባለሙያው በዘይት በተነካ እጁ የኦክስጅኑን ቫልቭ የማይነካው ለዚህ ነው። ወደ ሞተር ቢገባ ደግሞ የቃጠሎውን ሙቀትና ፍጥነት የሚገታው ነገር የለም። በናይትረስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከንቱ ጭነት መስሎ ይታያል እንጂ ቃጠሎውን የሚያለዝበው እሱ ነው። ይህ እንደ ሐሳብም መነሣት የለበትም። ከሕክምና ተቋም የሚወጣ ናይትረስም እንዲሁ ለቀዶ ሕክምና ታካሚ የተመደበ ነውና አይነካ።

ከአራት ኪሎ፣ አንዲት እናት፦ «ልጄ ሰማያዊ ሲሊንደር ከመኪናው ኋላ ወንበር አጠገብ አስሮ ይሄዳል። የልጅ ልጆቼን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልኝ በዚሁ መኪና ነው። ይፈነዳል ወይ? እንቅልፍ አጣሁ።»

እናቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ጋዙ ራሱ አይነድም፤ ነገር ግን እሳት ቢነሣ ያባብሰዋል። በ20 ዲግሪ ሙቀት በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት 50 ባር ያህል ነው፤ ይኸውም የመኪና ጎማ ከሚይዘው ከ20 እጥፍ በላይ ይሆናል። ለልጅዎ የሚከተለውን ይንገሩልኝ። ሲሊንደሩ በገመድ ወይም በቀበቶ ሳይሆን ከመኪናው ወለል ጋር በቡሎን በተያያዘ የራሱ ማቀፊያ ይታሰር፤ መኪናው ቢጋጭ ያ ብረት ወደ ፊት ከተወረወረ የሚያቆመው የለም። በቫልቩ ላይ ግፊቱ ሲበዛ የሚቀደድ መከላከያ አለ፤ ከዚያ የሚወጣውን ጋዝ በቱቦ ወደ መኪናው ውጭ ማውጣት ግድ ነው። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ቢያመልጥ የሚተነፈሰውን አየር ይተካል፤ ሾፌሩን ያፈዝዛል፣ ራሱንም ሊያስተው ይችላል። ልጆቹን በሚያመጣበት ቀን ግን ሲሊንደሩ ከመኪናው ወጥቶ ቤት ይቅር፤ በዚህ ላይ ከእሱ ጋር የሚያከራክር ነገር የለም።

ከለገሃር፦ «መኪናዬ ሲቪቲ ካምቢዮ ነው። ይቻላል?»

አይቻልም። ሲቪቲ በማርሽ ጥርሶች ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ ነው፤ ድንገተኛ የመጠምዘዝ ኃይል ሲመጣ ቀበቶው ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተበትም ገጽ ተመልሶ አይስተካከልም።

ከሜክሲኮ፦ «ለኢንሹራንስ ድርጅቴ መናገር አለብኝ?»

አዎን፣ ጋዙ ከመገጠሙ በፊትና በጽሑፍ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ በእጅዎ ያስቀሩ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ ለራስዎ መኪና የገቡት ሙሉ መድን ግን መኪናው በነበረበት ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ውል ነው። ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ገምጋሚው ሲሊንደሩን ራሱ ቢያገኘው ክርክሩ ከባድ ይሆንብዎታል።

ከካዛንቺስ፣ ሌላ አንባቢ፦ «ናይትረሱ ከተገጠመ ቆይቷል፤ 50 የፈረስ ጉልበት ነው፤ እዚህ ምንም ችግር አላሳየም። ለበዓል ወደ አዋሽ ልንወርድ ነው። የተለየ ዝግጅት ያስፈልጋል?»

ያስፈልጋል፤ ይህን ጥያቄ ያነሡት እርስዎ ብቻ መሆንዎም አስገርሞኛል። እዚህ ችግር ያላሳየው በከፊል አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ ሞተሩ ከተፈጥሮ አየር የሚያገኘው ስላነሰ ለጋዙ ቦታ ተርፎለታል። አዳማ ሲደርሱ ወደ 1,700 ሜትር ወርደዋል፤ አዋሽ ደግሞ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ያ ትርፍ ቦታ በየኪሎ ሜትሩ እየተሞላ ይሄዳል፤ የሚገባውም አየር ይሞቃል። እዚህ በ50 የፈረስ ጉልበት ጤነኛ የነበረ ሞተር እዚያ በዚያው 50 ሊያንኳኳ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሲሊንደሩ ነው። የናይትረስ ግፊት ሙቀትን ይከተላል፦ በቀዝቃዛው የአዲስ አበባ ማለዳ፣ 10 ዲግሪ ላይ፣ 40 ባር ያህል ሲሆን በ30 ዲግሪ ከ60 ባር ያልፋል። ግፊቱ ሲጨምር በአፍንጫው፣ ጋዙ ወደ ሞተሩ በሚረጭበት ቀዳዳ፣ የሚወጣው ጋዝ ይበዛል፤ ከእሱ ጋር የሚገባው ነዳጅ ግን እዚህ በተመጠነበት ልክ ይቀራል፤ ስለዚህ ቅልቅሉ ነዳጅ ያንሰዋል። ከ36 ዲግሪ በላይ ደግሞ ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም፤ አዋሽ ላይ ፀሐይ የመታው የተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ይህንን በቀላሉ ያልፋል፤ የግፊቱም አወጣጥ ፈጣን ይሆናል።

በመሆኑም የሲሊንደሩን ቫልቭ ከአዲስ አበባ ሳይወጡ ይዝጉት፤ በመስመሩ ውስጥ የቀረውንም ጋዝ ያስተንፍሱት። ቆላ ላይ መጠቀም የግድ ካስፈለገዎት አፍንጫዎቹን፣ የጋዙንም የነዳጁንም በጥንድ፣ ወደ 25 ወይም 30 የፈረስ ጉልበት ያውርዱ፤ የእሳቱን ሰዓት ግን ወደ ፊት አይመልሱት። የግፊት መለኪያው ከ70 ባር በላይ ካሳየ አይክፈቱት። መኪናውን ባቆሙበት ሁሉ ሲሊንደሩን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ጥላ ውስጥ ያድርጉት፤ ከበዓል ሲመለሱም የድሮዎቹን አፍንጫዎች ከመመለስዎ በፊት ካንዴላዎቹን አውጥተው ይመልከቱ።