በዕቁብ መልክ የዩናይትድን አክሲዮን ብንገዛ ድምፃችን ይሰማል?

ጥያቄ፦ በማንቸስተር የምንኖር 20 የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ነን። ክለባችን የ2024/25ን ውድድር 15ኛ ሆኖ ጨርሷል፤ አብላጫውን ድምፅ የያዘው የግሌዘር ቤተሰብ ግን አሁንም አልለቀቀም። በዚህ ላይ ነባሩን ሜዳ ኦልድ ትራፎርድን ትቶ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ለመሥራት ታቅዷል። ገሚሶቻችን ‹‹በ2024 ድርሻ ገዝቶ ከገባው ከሰር ጂም ራትክሊፍ ጋር መቆም አለብን›› እንላለን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ ‹‹ስታዲየሙ ሌላ ዕዳ ነው›› ብለን እንከራከራለን። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው በሚል በዕቁብ መልክ አዋጥተን በአንዳችን ስም አክሲዮን ልንገዛ አስበናል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም ይገባል። ባለአክሲዮን ከሆንን ባለቤቶቹን መጠየቅና ስታዲየሙን መቃወም እንችላለን? የዓመት ትኬት ያለን ሰዎችስ መቀመጫችን በአዲሱ ስታዲየም ይጠበቅልናል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ደጋፊ የባለቤትነቱንና የስታዲየሙን ጉዳይ አንድ ላይ አድርጎ ይከራከራል። ሕጉ ግን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። በባለቤትነቱ በኩል አክሲዮን ብትገዙም አቅማችሁ እጅግ ትንሽ ነው፤ በስታዲየሙ በኩል ግን አንድ አክሲዮን ሳይኖራችሁ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ገንዘባችሁን ከማዋጣታችሁ በፊት ይህን ብታውቁት እወዳለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአክሲዮኑ ልነሣ። በኒው ዮርክ ገበያ ከነሐሴ 2012 ጀምሮ የሚሸጠው አክሲዮን የእናት ኩባንያው ሲሆን፣ ኩባንያው የተመዘገበው በኬይማን ደሴቶች ነው። አክሲዮኑ ሁለት ዓይነት ነው። ማንም ከገበያ የሚገዛው ‹‹ኤ›› አንድ ድምፅ አለው። የግሌዘር ቤተሰብና ሰር ጂም ራትክሊፍ የያዙት ‹‹ቢ›› ግን 10 ድምፅ አለው። ሃያችሁም 25፣ 25 አክሲዮን ብትገዙ 500 ድምፅ ይኖራችኋል። ‹‹ቢ›› አክሲዮኖች ከ110 ሚሊዮን በላይ ስለሆኑ ወደ ድምፅ ሲመነዘሩ ከ1.1 ቢሊዮን ያልፋሉ። በዚያ ላይ የኩባንያው ደንብ፣ ‹‹ቢ›› አክሲዮኖች ከጠቅላላው ከ10 በመቶ በታች እስካልወረዱ ድረስ፣ ልዩ ውሳኔ በሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች (ለምሳሌ የኩባንያውን ደንብ በመቀየር) ላይ 67 በመቶ ድምፅ እንዲኖራቸው ያደርጋል። ስለዚህ ‹‹ኤ›› የገዛው ሕዝብ ሁሉ ባንድ ልብ ቢቆም እንኳ ባለቤቶቹን ሊያሸንፍ አይችልም።

ኩባንያው እንግሊዝ ውስጥ የተመዘገበ ቢሆን ኖሮ፣ አነስተኛ ባለአክሲዮን በ2006ቱ የኩባንያዎች ሕግ አንቀጽ 994 መሠረት ‹‹ጥቅሜ አግባብ ባልሆነ መንገድ ተጎድቷል›› ብሎ ፍርድ ቤት መቅረብ ይችል ነበር። የኬይማን ሕግ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለውም። እዚያ የቅሬታው ዋና መንገድ ‹‹ኩባንያው ይፍረስ›› ብሎ ማመልከት ነው። 500 አክሲዮን ይዞ ይህን መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ደግሞስ ክለቡ እንዲፈርስ የሚፈልግ ደጋፊ የት አለ?

ቡድኑ ስለወደቀ ባለቤቱ እንዲሸጥ የሚያስገድድ ሕግም የለም። ቤተሰቡ በ2005 ክለቡን ወደ 790 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ገንዘብ ሲገዛ አብዛኛውን ተበድሮ ዕዳውን ክለቡ ላይ መጫኑ የብዙ ደጋፊ ቁስል መሆኑን አውቃለሁ። ያ አሠራር ግን በወቅቱ አልተከለከለም ነበር። ጀርመን ያለው የ50+1 ደንብ፣ ማለትም የአባላት ማኅበሩ የክለቡን አብላጫ ድምፅ የሚይዝበት ሥርዓት፣ የራሳቸው ሊግ ደንብ ስለሆነ እዚህ አይሠራም። ራትክሊፍ ላይ ተስፋ የጣላችሁትም አንድ ነገር ልብ በሉ። በየካቲት 2024 ሲገባ የፈረመው ውል፣ ከ18 ወራት በኋላ ቤተሰቡ ሙሉውን ክለብ ለሌላ ገዢ ከሸጠ እሱም አብሮ እንዲሸጥ ሊያስገድደው የሚችል አንቀጽ አለው። የኳሱን ሥራ የሚመራው እሱ ቢሆንም፣ የመጨረሻው ቁልፍ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም።

ይህን ሁሉ አውቃችሁም ‹‹ለፍቅራችን እንገዛለን›› ካላችሁ መብታችሁ ነው። ትርፍ ግን አትጠብቁ፤ ኩባንያው ከ2022 ወዲህ የትርፍ ድርሻ አልከፈለም። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ በአንድ ሰው ስም መግዛታችሁ ነው።

ዕቁብ በዳኛው ታማኝነት ይቆማል፤ ገንዘቡም በየዙሩ ይወጣል። አክሲዮን ግን ለዓመታት የሚቀመጥ ንብረት ነው። በስሙ የተገዛለት ሰው ቢሞት፣ የውርስ ማስረጃ እስኪወጣ ሒሳቡ ይታገዳል። ቢፋታ፣ የትዳር ጓደኛው ጠበቃ ‹‹ይህ የእሱ ሀብት ነው›› ብሎ ይጠይቃል። ቢከስር፣ አበዳሪዎቹ ዓይናቸውን ይጥሉበታል። የእንግሊዝ የኪሳራ ሕግ ሰውየው ለሌሎች በአደራ የያዘውን ንብረት ከኪሳራው ውጭ ያደርገዋል፤ አደራ መሆኑን ማስረዳት ያለባችሁ ግን እናንተ ናችሁ። ወረቀት ከሌለ የ19 ሰው ቃል ብቻ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። ግብር ሰብሳቢውም በአክሲዮኑ ላይ የተገኘውን ጭማሪ በሙሉ በባለስሙ ላይ ሊቆጥረው ይችላል።

ሌላው ሥጋት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በ2000ው የፋይናንስ አገልግሎቶችና ገበያዎች ሕግ፣ ብዙ ሰዎች ገንዘብ አሰባስበው ለአንድ ሰው ሲሰጡና የዕለት ተዕለት ቁጥጥሩ በእጃቸው ሳይሆን ሲቀር፣ ነገሩ ‹‹የጋራ ኢንቨስትመንት›› ሊባል ይችላል። ያለፈቃድ ማንቀሳቀሱ እስከ 2 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ‹‹ሐሳባችንን ይጠይቀናል›› ማለት ብቻውን ቁጥጥር አይደለም። ስለዚህ የምመክረው ቀላሉን መንገድ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ሒሳብ ከፍቶ የራሱን ይግዛ፤ ድምፅ አሰጣጡን ብቻ ተመካክራችሁ አድርጉ። ሒሳብ ከመክፈታችሁ በፊት ደላላውን አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቁት፦ ‹‹የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ሲጠራ የድምፅ መስጫውን ታስተላልፉልናላችሁ?›› በመዝገብ የሚታየው የእናንተ ስም ስላልሆነ፣ ደላላው ካላስተላለፈ ያቺ ትንሽ ድምፃችሁም ትቀራለች።

የግድ በአንድ ስም ይሁን ካላችሁ፣ የአደራ ሰነድ በጠበቃ አዘጋጁ። በሰነዱ ላይ ባለአደራው አክሲዮኑ የእሱ እንዳልሆነ ይመን፤ የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ ያዋጣው ገንዘብና የአክሲዮን ቁጥር ይስፈር። መግዛትም ሆነ መሸጥ የሚቻለው ሁሉም ሲወስኑ ብቻ ይሁን። አንድ ሰው መውጣት ሲፈልግ ድርሻው በየትኛው ቀን የገበያ ዋጋ ተሰልቶ በስንት ቀን እንደሚከፈለው ይጻፍ፤ ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ ባለአደራም ይኑር። ሰነዱ ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት መፈረም አለበት።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ሰው ውጭ አገር አክሲዮን ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ የሚያወጣው የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሲኖረው ነው። ባንኩን በጽሑፍ ይጠይቅ። ብሩን እዚያ ለአንድ ሰው ከፍሎ እዚህ ፓውንድ እንዲደርሳችሁ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም ወንጀል ነው፤ ከእሱ ሌላ ተቀባዩም ሊጠየቅ ይችላል። ፈቃድ ካላገኘ ከማኅበሩ ውጭ ይሁን።

አሁን ወደ ስታዲየሙ ልመለስ፤ ጉልበታችሁን ማዋል ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ክለቡ በመጋቢት 2025 ይፋ ያደረገው በፎስተር ኤንድ ፓርትነርስ የተነደፈውንና 2 ቢሊዮን ፓውንድ ይፈጃል የተባለውን ዕቅድ ነው። ዕቅድ ፈቃድ አይደለም። የግንባታ ማመልከቻ መቅረብ፣ ለሕዝብ መገለጥና መመርመር አለበት። ይህን ያህል ግዙፍ ሥራ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ስለሚጠይቅ፣ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ከ30 ቀን አያንስም። አስተያየት ለመስጠት ዜግነትም፣ አክሲዮንም፣ ጠበቃም አያስፈልግም።

ብዙ ደጋፊ የሚሳሳተው በሚጽፈው ነገር ነው። ‹‹ግሌዘሮች ይውጡ››፣ ‹‹ዕዳው በዝቷል››፣ ‹‹ትኬት ይወደዳል›› የሚሉ አስተያየቶች በሺህ ቢቆጠሩም በግንባታ ሕግ ሚዛን የላቸውም፤ የግንባታ ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን ሊያያቸው አይችልም። ሚዛን ያላቸው ስለ ትራፊክና ባቡር፣ ከጨዋታ በኋላ 100 ሺህ ሰው ስለሚበተንበት መንገድ፣ ስለ ጫጫታና ብርሃን፣ በሰፈሩ ስለሚሠሩ ቤቶች፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መግቢያና ስለ ቦታው ታሪካዊነት የሚነሡ ነጥቦች ናቸው። ሃያችሁ ያንኑ ደብዳቤ እየገለበጣችሁ ከምትልኩ፣ እያንዳንዱ ሰው ከሚኖርበት መንገድና ወደ ጨዋታ ከሚሄድበት መስመር ተነሥቶ የራሱን ይጻፍ።

ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ፍርድ ቤት መሄድ የሚቻለው በ6 ሳምንት ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም ውሳኔው ሕግ ጥሷል በሚል እንጂ ‹‹አልወደድነውም›› በሚል አይደለም። በአካባቢ ጉዳይ ለሚቀርብ አቤቱታ ግለሰብ ቢሸነፍ ለተቃራኒ ወገን የሚከፍለው ወጪ በመደበኛነት ከ5 ሺህ ፓውንድ፣ ማኅበር ከሆነ ከ10 ሺህ እንዳይበልጥ ጣሪያ አለው። የራሳችሁ ጠበቃ ክፍያ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

መሬቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ከኦልድ ትራፎርድ አጠገብ ያለው የጭነት ባቡር ጣቢያ ለዕቅዱ አስፈላጊ ነው፤ ባለይዞታው በዋጋ ካልተስማማ መሬቱን በግዴታ ማስለቀቅ ይቻል እንደሆነ ይጠየቃል። ክለቡ ራሱ ይህ ሥልጣን የለውም። በ2011ዱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ መሠረት በከንቲባ የሚቋቋም የልማት ኮርፖሬሽን ግን በሚኒስትሩ ፈቃድ መሬት ማስለቀቅ ይችላል። ለዚህም የሕዝብ ጥቅም አስገዳጅ መሆኑን፣ ገንዘቡ መኖሩንና በስምምነት ለመግዛት መሞከሩን ማሳየት ይጠበቅበታል። ለአንድ የግል ክለብ ስታዲየም ብቻ ከሆነ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። ስለ ቤቶች፣ ስለ ሥራና ስለ ትራንስፖርት አብሮ የሚወራው አንዱም ለዚህ ነው። እነዚያ ተስፋዎች በፈቃዱ ላይ እንደ ግዴታ እንዲጻፉ መጠየቅ ለደጋፊውም ለነዋሪውም ይጠቅማል።

‹‹ሌላ ዕዳ ነው›› ለምትሉት ወገኖች ዋናው ጥያቄ ስታዲየሙ በማን ስም ይሆናል የሚለው ነው። ደርቢ ካውንቲ የተባለው ክለብ በ2018 ሜዳውን ለባለቤቱ ኩባንያ ሸጠ፤ በ2021 ክለቡ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ሲወድቅ ሜዳው የክለቡ ንብረት አልነበረም። ኮቨንትሪ ሲቲ በራሱ ከተማ ያለው ሜዳ የራሱ ስላልነበረ በኖርዝሃምፕተንና በበርሚንግሃም ለመጫወት ተገዷል። በሐምሌ 2025 የጸደቀው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ የመጣው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው። ክለብ ሜዳውን ለመሸጥ፣ በብድር መያዣነት ለመስጠት ወይም ወደ ሌላ ሜዳ ለመዛወር የአዲሱን ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ይሁንታ ማግኘት አለበት፤ ተቆጣጣሪውም የክለቡ የገንዘብ አቋም እንዳይናጋና ቅርሱ ክፉኛ እንዳይጎዳ ያያል። ክለቡ ስለ ሜዳውና ስለ ትኬት ዋጋ ደጋፊዎቹን የማማከር ግዴታም ተጥሎበታል። የሕጉ ክፍሎች በደረጃ ሥራ ላይ ስለሚውሉ፣ የምትጠቅሱት አንቀጽ በዕለቱ መጽናቱን አረጋግጡ። ዓርማና የማልያ ቀለም ሲቀየር የሚቆጠረው በእንግሊዝና በዌልስ ያሉ ደጋፊዎች ሐሳብ ስለሆነ፣ ከወንድምዎ ይልቅ የእናንተ ቃል ሕጋዊ ክብደት አለው።

በዚህ መንገድ ለመሥራት አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም። ክለቡን በደጋፊዎች ስም የሚያነጋግረው የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ትረስት አለ፤ በ2013 ኦልድ ትራፎርድ በማኅበረሰብ ንብረትነት እንዲመዘገብ ያደረገውም እሱ ነው። ያ ምዝገባ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። ሜዳው ራሱ ሲሸጥ ለማኅበረሰቡ የመጫረቻ ጊዜ ይሰጣል እንጂ የኩባንያው አክሲዮን ሲሸጥ አይሠራም። አባል ሁኑና ከላይ ያነሣሁትን ‹‹ስታዲየሙ በማን ስም ይሆናል?›› የሚል ጥያቄ በዚያ በኩል አቅርቡ።

የዓመት ትኬታችሁ ለአንድ የውድድር ዓመት ለመግባት የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ በወንበሩ ላይ ባለቤት አያደርጋችሁም። አባታችሁ የተቀመጠበት ወንበር እንኳ ቢሆን፣ በአዲሱ ስታዲየም ያንኑ ቦታ ወይም ያንኑ ዋጋ በሕግ መጠየቅ አትችሉም። ማድረግ የምትችሉት ነባር ባለትኬቶች ቅድሚያ እንዲያገኙ፣ በቤተሰብና በቡድን ተጠጋግተው እንዲቀመጡና የልጆችና የአረጋውያን ዋጋ እንዲጠበቅ ምክክሩ ላይ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋችኋልና የየዓመቱን ደረሰኝና የትኬቱን ውል ከወዲሁ አስቀምጡ፤ ትኬቱ በሌላ ሰው ስም ሆኖ የምትገቡበት ካላችሁ ደግሞ የቅድሚያ መብት ቢሰጥ እንኳ የሚደርሰው ለባለስሙ ነው። የክለቡ ደንብ የሚፈቅደው የስም ዝውውር ካለ አሁኑኑ ጨርሱት።